ጋዜጠኛ ባሌ ሲታሰር ከበሩ ውጪ ሆኜ የተማርኩት

ጋዜጠኛ ሲታሰር ዜናው የሚያወራው ስለታሳሪው ነው። መቼ ተያዘ፣ የት ተወሰደ፣ በምን ተጠረጠረ። መሆንም ያለበት እንዲያ ነው። ቤት የቀረችው ሚስት፣ ስንቅ ይዛ ከበር በር የምትንከራተተው እናት ወይም እህት ምን ማድረግ እንዳለባት ግን የሚነግራት የለም። እኔ የሚነግረኝ አጥቼ ብዙ ተንገላትቻለሁ። አሁን አሁን ባሎቻቸው የታሰሩባቸው ሴቶች ይደውሉልኛል። ለእነሱ በስልክ የምነግራቸውን ነው እዚህ የጻፍኩት።

ባለቤቴ አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ የግል ሚዲያ አዘጋጅ ነበር። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። የታሰረው ስለ አንድ መሥሪያ ቤት ግዥ ዘገባ ካወጡ በኋላ ነው። ዘገባው በሰነድ የተደገፈ ነበር፤ እስከዛሬ ስህተት ነው ብሎ ያስተባበለ አልሰማሁም። መሥሪያ ቤቱን፣ የታሰረበትን ቦታና የሰዎቹን ስም አልጠቅስም። ሰነዱን ያመጣው ሰው አሁንም እዚሁ አገር ልጆቹን ያሳድጋል።

ይህ በእኔ አልተጀመረም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በነበረው እስር ጋዜጠኛ ሰርካለም ፋሲል ነፍሰ ጡር ሆና ታስራ ልጇን የወለደችው እስር ላይ እያለች ነው። ጋዜጠኛ ውብሸት ታዬ በ2003 ዓ.ም. ተይዞ 14 ዓመት ተፈረደበት። በኋላም ከቃሊቲ ወደ ዝዋይ ተዛወረ። ለጠያቂ ቤተሰብ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ማለት ነው። የወጣው በ2010 ዓ.ም. ነው። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ነገር አየን። ለጋዜጠኞች የሚሟገተው ዓለም አቀፍ ድርጅት ሲፒጄ በዚያ ዓመት ቆጠራው ኢትዮጵያ ውስጥ በሥራው ምክንያት የታሰረ አንድም ጋዜጠኛ አላገኘም። የዓለም የፕሬስ ነጻነት ቀንም አዲስ አበባ ላይ ተከበረ። ባለቤቴ ለዘገባ ሄዶ ነበር። ማታ ሲገባ ፊቱ ላይ የነበረውን ደስታ አልረሳውም። ግን ብዙ አልቆየም። ጦርነቱ መጣ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ፣ እስሩም ተመለሰ።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ትልቁ ሥራ የሚሠራው ሰው ከመታሰሩ በፊት ነው። ባለቤቴ የግዥውን ጉዳይ መከታተል እንደጀመረ «ነገ ውልና ማስረጃ እንሂድ፣ ውክልና ልስጥሽ» አለኝ። «ምን ሟርት ታወራለህ!» ብዬ ተቆጣሁት። እሱ ግን አልለቀቀኝም፣ ሄድን። ያ ወረቀት ነው ቤታችንን ያቆመው። ከባንክ ብር አወጣሁበት፣ የቤት ኪራዩን ውል አደስኩበት፣ ጠበቃ ቀጠርኩበት። ውክልናው ላይ ምን ምን ማድረግ እንደምትችሉ በዝርዝር ይጻፍ። ባንክ፣ ኪራይ፣ መኪና፣ ፍርድ ቤት፣ ጠበቃ መወከል፣ ሁሉም በስሙ ይጠራ። በደፈናው የተሰጠ ጠቅላላ ውክልና በሕጉም ከአስተዳደር ሥራ አያልፍም። ሰው ከታሰረ በኋላ ይህን ላስፈጽም ማለት ሌላ መከራ ነው።

ስልክ ቁጥሮችን በወረቀት ላይ ጻፉ። የጠበቃ፣ የአለቃው፣ የሁለት ታማኝ ባልደረቦች። ስልክ ይወሰዳል፣ የእናንተም ጭምር ሊወሰድ ይችላል። የመታወቂያና የፓስፖርት ቅጂ ዘመድ ቤት ይቀመጥ። ሕመም ካለበት የሐኪም ወረቀቱም እንዲሁ። ባለቤቴ አስም አለበት። የሐኪሙ ወረቀት ቅጂ እህቴ ጋር ባይኖር ኖሮ መድኃኒቱን ማስገባት አልችልም ነበር። ወረቀት የታለ ይሉኛላ! «ከየት አወቅን? ምን እንደሆነ በምን እናምናለን?» ይላሉ።

ቤት ሲፈተሽ ተረጋጉ። ለመናገር ቀላል ነው፣ አውቃለሁ፤ እኔም ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። የፍርድ ቤት የብርበራ ትዕዛዝ አሳዩኝ በሉ። ማንን፣ የትኛውን ቤት፣ ምን ለመፈለግ እንደሚል አንብቡት። በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ፍርድ ቤት ለይቶ ካልፈቀደ በስተቀር ብርበራ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው የሚደረገው። አንድ ጎረቤት ጥሩና ቆሞ ይይ። ከሁሉ የሚበልጠው የተወሰዱ ዕቃዎች ዝርዝር ነው። የእኛ ላይ «አንድ ላፕቶፕ፣ ፍላሾች» ብለው ጽፈው ፈርሚ አሉኝ።

«የላፕቶፑን ስምና ሴሪያል ቁጥሩን ይጻፉልኝ ጌታዬ። ፍላሾቹም በቁጥር ይሁኑ» አልኩ።

«ምን አስጨነቀሽ? ይመለስልሻል» አለኝ አንደኛው።

«እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ግን ይጻፉልኝ» አልኩት። አጉረመረመ፣ ግን ጻፈ።

ይህን የምለው ለዕቃው ሳስቼ አይደለም። ከቤታችሁ ያልወጣ ፍላሽ ነገ ማስረጃ ሆኖ እንዳይቀርብ ነው። ቁጥሩ ካልተጻፈ «ይህ የእኛ አይደለም» የምትሉበት ነገር የላችሁም። የዝርዝሩን ቅጂ ጠይቁ። ካልሰጧችሁ ወዲያው እንደወጡ፣ ሳትረሱ፣ ከሰዓቱና ከነበሩት ሰዎች ጋር በደብተር ጻፉት።

ቀጥሎ ያለው ጭንቀት የት እንዳለ ማወቅ ነው። ይዘውት ሲሄዱ የነገሩኝ ቦታ ስደርስ «እዚህ እንዲህ የሚባል ሰው የለም» ተባልኩ። ሌላ ጣቢያ ሄድኩ፣ የለም። በሩ ላይ ቆማ የነበረች አንዲት እናት ጠራችኝና «ልጄ፣ አለ ወይ ብለሽ አትጠይቂ። ስንቅና ብርድ ልብስ ይዘሽ ስሙን ጽፈሽበት አስገቢ። ከተቀበሉሽ አለ ማለት ነው» አለችኝ። ልጇ ከታሰረ ቆይቷል። እንዳለችኝ አደረግኩ። ሦስተኛው በር ላይ ብርድ ልብሱን ተቀበሉኝ። እዚያው አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ከደስታ ነበር።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ይላል፤ የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር። አንቀጽ 21 ደግሞ ቤተሰብ፣ ጠበቃ፣ ሐኪምና የሃይማኖት አባት እንዲጎበኙት መብት ይሰጣል። እነዚህን ሁለት አንቀጾች በቃላችሁ ያዙ። ሰዓቱ ካለፈና የት እንዳለ ካልታወቀ ጠበቃው አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ለፍርድ ቤት ማስገባት ይችላል። «ብንከስ ይብስበታል» የሚል ዘመድ አይጠፋም። አቤቱታ ገባ ማለት ግን ሰውየው በዳኛ ፊት ስሙ ተጠራ ማለት ነው። ያዘው የተባለው አካል መልስ መስጠት አለበት። ለእኔ ትልቁ ፍርሃት ስሙ የትም ሳይመዘገብ መቅረቱ ነበር።

ከዚያ የጊዜ ቀጠሮ ይመጣል። ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ብሎ ቀን ይጠይቃል፣ ዳኛው እስከ 14 ቀን ሊፈቅድ ይችላል። ሲያልቅ ሌላ ይጠየቃል። በቀድሞው የጸረ ሽብር አዋጅ፣ በ652/2001፣ አንዱ ቀጠሮ ቢያንስ 28 ቀን ሆኖ እስከ 4 ወር ይሄድ ነበር። በመገናኛ ብዙኃን አዋጁ፣ በ1238/2013፣ በመገናኛ ብዙኃን አማካኝነት በተፈጸመ ወንጀል የተጠረጠረ ሰው ለምርመራ ተብሎ በጊዜ ቀጠሮ ሊቆይ አይገባም። ጥሩ ድንጋጌ ነው። ጠበቃችሁ በመጀመሪያው ቀን እንዲያነሳው አድርጉ። የሚያስቸግረው ጥርጣሬው በሌላ ስም ሲመጣ ነው። «ሁከት ማነሳሳት» ይባላል፣ «ሕገ መንግሥቱን ለመናድ» ይባላል። ያኔ የመገናኛ ብዙኃን ጉዳይ አይደለም ይሉና ቀኑን ይጠይቃሉ። የጠበቃው ሥራ ቀላል ጥያቄ መጠየቅ ነው፦ አደረገ የተባለው ነገር ከጻፈው ጽሑፍ ሌላ ምንድን ነው?

ችሎት ላይ አትቅሩ። እሱ ዘወር ሲል የሚያየው ፊት ያስፈልገዋል። የመዝገብ ቁጥሩን፣ የችሎቱን ስም፣ የተባለውንና ቀጣዩን ቀን ጻፉ። ቀጠሮ ሳይነገር ሊቀየር ይችላል። ዋስትና ሲፈቀድም እልል አትበሉ። እኛ ብሩን ከዘመድ አሰባስበን አስይዘን፣ ደረሰኙን ይዘን፣ እናቱ ልትቀበለው በር ላይ ቆማ ሳለ በሌላ ጉዳይ ይፈለጋል ተብሎ ወደ ሌላ ጣቢያ ተወሰደ። እናቱ ያን ቀን «ምነው ባላስያዝነው ኖሮ» እያለች ነው የገባችው። ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም፣ ብዙ የጋዜጠኛ ቤተሰብ ያውቀዋል። የዋስትና ትዕዛዙን የተረጋገጠ ቅጂ በሁለት ሦስት አባዙት። አዲሱ ጣቢያ «አላየንም» ሲል ወዲያው ታሳያላችሁ።

ስንቅን በተመለከተ ብዙ አልልም፣ የእኛ አገር ሴት ታውቅበታለች። የሚደርቅ ምግብ፣ የሚዘጋ ምሳ ዕቃ፣ ስሙ የተጻፈበት ፌስታል። ቅመሺ ይሏችኋል፣ ቅመሱ። ምግብ ውስጥ ወረቀት መደበቅ ጭራሽ አታስቡ፤ ለአንዲት መልእክት ተብሎ ጉብኝት ይከለከላል። በየቀኑ አንድ ሰው ብቻ አይመላለስ። ተራ ግቡ። እኔ፣ እህቱ፣ የሠፈር ጓደኛው እየተቀያየርን ባንሄድ ኖሮ ከሥራ እባረር ነበር።

ሁለት ዓይነት ሰው ይመጣባችኋል፣ ተጠንቀቁ። አንዱ «እዚያ ሰው አለኝ፣ ትንሽ ብር ካለሽ ነገ አስወጣዋለሁ» የሚል ነው። ብር ከሰጣችሁ ብሩም ይሄዳል፣ ጉቦ ሰጠች የሚል ሌላ ክስም ሊመጣ ይችላል። ሌላው በቴሌግራም ወይም በኢሜይል ፋይል የሚልክ ነው። «ስለባልሽ መረጃ አለበት፣ ክፈቺው።» ለእኔ መጥቶልኛል። አልከፈትኩትም። ባለቤቴ ድሮ የነገረኝ ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ሲቲዝን ላብ የተባለው የካናዳ የምርምር ተቋም ከአገር ውጪ ያሉ የኢሳት ጋዜጠኞች በስለላ ሶፍትዌር ዒላማ መደረጋቸውን አውጥቷል። ሶፍትዌሩ የጣሊያኑ የሃኪንግ ቲም ነው፣ የተላከላቸውም ተራ ጽሑፍ መስሎ በስካይፕ ነው። ውጭ አገር ያላችሁ ዘመዶችም ይህን አስቡ። ለታሰረ ወንድማችሁ ስትጨነቁ የተላከላችሁን ሁሉ አትክፈቱ።

ልናገር ወይስ ዝም ልበል የሚለው ብዙ ያስጨንቃል። ሽማግሌዎች ዝም በይ አሉኝ። ከፍቅር ነው የሚሉት፣ አልቀየምኳቸውም። እኔ ግን ለመናገር ወሰንኩ፣ ዛሬም ቢሆን ያንኑ አደርጋለሁ። ስናገር ግን አልተሳደብኩም፣ አልገመትኩም። ስሙን፣ የተያዘበትን ቀንና ሰዓት፣ የት እንዳለ፣ ጠበቃ ማየት አለማየቱን፣ የጤናውን ሁኔታ፣ በቃ። አንድ ገጽ ጻፍኩና ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን፣ ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ (ኢሰመጉ) እና ለሲፒጄ ላክሁ። ሲፒጄ በየዓመቱ ኅዳር 22 ገደማ፣ በእነሱ ዲሴምበር 1፣ ታስረው ያሉ ጋዜጠኞችን ስም ይመዘግባል። ችግር ለደረሰበት ጋዜጠኛና ቤተሰብ የሚሰጠው አስቸኳይ ድጋፍም አለው። ስሙ ከተሰማ በኋላ የጣቢያው ሰዎች አነጋገር ሲለወጥ አይቻለሁ። የአስም መድኃኒቱም ያለ ክርክር መግባት ጀመረ።

አሁን ልቤን የሚያመኝ ነገር ላይ ደረስኩ። ስለ ሰነዱ ባለቤት።

ያ ሰው አንድ ምሽት ቤታችን መጥቶ ሻይ ጠጥቷል። ስሙን አልጠየቅኩም፣ ባለቤቴም አልነገረኝም። ያኔ ደረቅነት መስሎኝ ነበር። መርማሪው ጠርቶኝ «ሰነዱን ማን ነው የሰጠው?» ሲለኝ ግን «አላውቅም ጌታዬ» ያልኩት ዓይኑን እያየሁ ነው። እውነት ነበራ። የጋዜጠኛ ሚስት የምንጭ ስም አታውቅ፣ ለማወቅም አትጓጓ። በሕጉ ጋዜጠኛ የምንጩን ማንነት ያለመግለጥ መብት አለው፣ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በቀር። የተያዘ ሰውም ያለመናገር መብት አለው። ግን ሌሊት ብቻውን ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ላይ ይህን ሁሉ መጣል አይገባም። ባለቤቴ የስልኩን የጣት አሻራ መክፈቻ ዘግቶ ረጅም ቁጥር ይጠቀም ነበር። ከዚያ በላይ የጠቀመው ግን ስልኩ ውስጥ ምንም አለመኖሩ ነው። ስም የለም፣ የተላላኩት መልእክት የለም፣ የሰነዱ ፎቶ የለም። ከሰውየው ጋር በአካል ብቻ ነበር የሚገናኙት፣ ስልካቸውን ቤት ትተው።

እንዲያም ሆኖ ሰውየው ከጉዳት አልተረፈም። በቁጥጥር ሥር አልዋለም፤ ከቦታው ተነስቶ ከቤተሰቡ ርቆ ተመደበ፣ ዕድገቱም ቀረ። ምክንያቱን የነገረው የለም። ግን ግልጽ ነበር። ያን ፋይል በእጃቸው የነኩ ሰዎች ጥቂት ናቸው። ከእነሱ መካከል ቀደም ሲል በስብሰባ ላይ «ይህ ግዥ ልክ አይደለም» ብሎ የተናገረው እሱ ነበር።

አሜሪካ ውስጥ የሆነውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ2017 ሪያሊቲ ዊነር የምትባል የመንግሥት ተቋራጭ ሠራተኛ አንድ ምስጢራዊ ሰነድ በፕሪንተር አትማ ለዜና ድርጅት በፖስታ ላከች። ጋዜጠኞቹ እውነተኛነቱን ለማጣራት ቅጂውን ለመንግሥት አሳዩ። ወረቀቱ የመታጠፍ ምልክት ስለነበረው በፕሪንተር ታትሞ በእጅ መውጣቱ ታወቀ። ሰነዱን በፕሪንተር ያተሙት 6 ሰዎች ነበሩ። ከስድስቱ በሥራ ኮምፒውተሯ ከዚያ ዜና ድርጅት ጋር ኢሜይል የተጻጻፈችው እሷ ብቻ ነበረች። 5 ዓመት ከ3 ወር ተፈረደባት። ያ ሁሉ ቴክኖሎጂ ባለበት አገር የተያዘችው በቆጠራ ነው።

ስለዚህ መረጃ ለማውጣት የምታስቡ ወንድሞችና እህቶች፣ መጀመሪያ ቁጠሩ። ይህን ወረቀት ያየ ስንት ሰው ነው? አምስት ከሆነ የእናንተ ስም ከአምስቱ አንዱ ነው። በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር፣ ፕሪንተር፣ ዋይፋይ አትጠቀሙ። ሲም ካርድ በስም እንደሚመዘገብ አትርሱ። ቅሬታችሁን በስብሰባ አውጥታችሁ በማግስቱ ሰነዱን አትስጡ። ጋዜጠኛውን «ወረቀቱን እንዳለ ታወጣዋለህ ወይስ ጭብጡን ብቻ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥሩ ጋዜጠኛ በጥያቄው አይቀየምም፤ ከተቀየመ ተዉት። የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ፣ 699/2003፣ አለልኝ ብላችሁም አትዘናጉ። አዋጁ በከባድ ወንጀል ምርመራ ወይም ክርክር መረጃ ለሰጠ ሰው ነው። ለጋዜጠኛ የሰጣችሁት ወረቀት በዚያ ይጠበቃል ብላችሁ አትቁጠሩ። ይህን ስል አትስጡ ማለቴ አይደለም። ያ ሰው ባይኖር የሕዝብ ገንዘብ እንዴት እንደወጣ ማንም አያውቅም ነበር። እኔ እንደ ሂሳብ ሠራተኛ ያን ወረቀት ሳየው ደሜ ፈልቷል። ተጠንቅቃችሁ ስጡ ነው የምለው።

ጋዜጠኞችም ከዘገባው በኋላ ምንጫችሁን አትርሱ። ባለቤቴ ሲፈታ ሰውየውን ሮጦ ለማየት ፈለገ፤ ከለከልኩት። የተፈታ ሰው ይታያል፣ ማን ጋ እንደሚሄድ ይታወቃል። ብዙ ቆይቶ በሌላ ሰው በኩል ሰላምታ ተላላኩ።

ልጅ ካላችሁ ደግሞ እውነቱን ንገሩት። «አባትህ ውጭ አገር ሄዷል» አትበሉ። ከትምህርት ቤት ይሰማዋል፣ ከዚያ እናንተንም አያምንም። እኔ ለልጄ «አባትሽ የጻፈው ነገር አንዳንድ ሰዎችን አስቆጣ፣ አሁን ዳኛ እያየው ነው» ነው ያልኳት። «ሌባ ነው?» አለችኝ። «አይደለም የኔ እናት» አልኳት። ለክፍል አስተማሪዋም ነገርኩ፣ ልጆች ሲያበሽቋት እንድትደርስላት። አከራያችን እትዬ ግን ገና ሳልነግራቸው ሰምተው ኖሮ «ኪራዩን እጅሽ ሲገባ ታመጪዋለሽ» አሉኝ። እንዲህ ያለ ሰውም አለ፣ ተስፋ አትቁረጡ።

ከተፈታ በኋላ ስልኩንና ላፕቶፑን በዚያ ዝርዝር መሠረት፣ ሴሪያል ቁጥሩን እያያችሁ ተረከቡ። ተመልሶ የመጣ ዕቃ ላይ አካውንት አትክፈቱ። እኛ ላፕቶፑን ለሥራ አልነካነውም፣ የይለፍ ቃሎቹን ሁሉ በሌላ ስልክ ቀየርን። ሐኪም ዘንድ ይሂድ፣ ወረቀት ይያዝ። እንቅልፍ እምቢ ካለውም ሐኪም አለ፣ ጸበልም ሆነ ዱዓ ከሐኪም ጋር ይሄዳል። የዋስትናውን ብር ደረሰኝ ደግሞ በደንብ አስቀምጡት። መዝገቡ ሲዘጋ ወይም ነጻ ሲባል ብሩ የሚመለሰው በዚያ ደረሰኝና በፍርድ ቤቱ ትዕዛዝ ነው። እኛ የዘመዶቻችንን ብር ለመመለስ ብዙ ምልልስ ጠይቆናል፣ ግን ተመልሷል።